ከድሬዳዋ ወደ ጀርመን፦ ለኤ1 የጀርመንኛ ፈተና የመዘጋጃ መመሪያ

ጀርመን አገር ከሚገኝ ባል ወይም ሚስት ጋር ለመኖር ቪዛ የሚጠይቅ ሰው፣ ሕጉ ነጻ ካደረጋቸው ጥቂቶች በቀር፣ ገና ከአገሩ ሳይወጣ ቀላል ጀርመንኛ መቻሉን በምስክር ወረቀት ማሳየት አለበት። ግዴታው ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሲሆን፣ የሚጠየቀውም የኤ1 ደረጃ ነው፤ ይኸውም አውሮፓውያን የቋንቋ ችሎታን ከሚለኩባቸው ስድስት ደረጃዎች የመጀመሪያው ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ድሬዳዋ ተቀምጠው ለዚሁ ደረጃ ለሚዘጋጁ ሰዎች ነው። ፈተናውን የሚሰጠው የጀርመን የቋንቋና የባህል ተቋም፣ ጎተ ኢንስቲትዩት፣ ያለው አዲስ አበባ በመሆኑ አብዛኛውን ዝግጅት በግል አስተማሪ፣ በስልክና በራስ ጥረት ማካሄድ ግድ ይላል፤ በሥርዓት ከተያዘ ግን የሚያቅት ሥራ አይደለም።

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ለዚህ ሥራ ባዶ እጁን አይመጣም። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ከአንዱ ገዢ ጋር በኦሮምኛ ተከራክራ፣ ለሚቀጥለው በሶማልኛ ዋጋ ነግራ፣ ከጎኗ ካለችው ጋር በአማርኛ የምታወጋው፣ ሰዋስው ተምራ ሳይሆን በጆሮዋ የሰማችውን በአፏ ደጋግማ ነው። ቋንቋ በደንብ የሚያዘው በዚህ መንገድ ስለሆነ ጀርመንኛውንም በዚሁ መንገድ መጀመር ይገባል። ነገር ግን ገበያ የማያስተምራቸው ሦስት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም መጻፍ፣ ፊቱ የማይታይ ሰው የሚናገረውን ሰምቶ መረዳት፣ እንዲሁም ቃል ሲጠፋ ወደ ሌላ ቋንቋ ሳይሻገሩ በያዙት ቋንቋ መጽናት ናቸው። ከከተማችን ሄደው ፈተናውን የሚወድቁ ሰዎች በብዛት የሚወድቁት ቋንቋ ስለማይገባቸው ሳይሆን እነዚህን ሦስቱን ሳይለማመዱ ስለሚሄዱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስለዚህ ከታች ያሉት ደረጃዎችም ጊዜውን የሚያውሉት በይበልጥ እነርሱ ላይ ነው።

1. የሚጠየቁትን ደረጃ ከምንጩ ያረጋግጡ

መጽሐፍ ከመግዛትና አስተማሪ ከመቅጠር በፊት በየትኛው ዓይነት ቪዛ እንደሚሄዱ ይወስኑ። ለትዳር ጓደኛ ኤ1 ይበቃል፤ ጀርመን ያለው ሰው ሰማያዊ ካርድ በሚባለው የባለሙያዎች የመኖሪያ ፈቃድ የሚኖር ከሆነ ግን የትዳር ጓደኛው የቋንቋ ማስረጃ አይጠየቅም። ለሙያ ሥልጠና የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ደረጃ ቢ1፣ በነርስነት ተመዝግቦ መሥራት የሚፈልግ ደግሞ አራተኛው ደረጃ ቢ2 ያስፈልገዋል። ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሰጠው የሥራ መፈለጊያ ፈቃድ ለሚያመለክት ሰው ቢያንስ የኤ1 ጀርመንኛ ወይም የቢ2 እንግሊዝኛ ይጠየቃል። ይህን ሁሉ ከአዲስ አበባው የጀርመን ኤምባሲ ድረ ገጽ ራስዎ አንብበው ያረጋግጡ፤ ማንበብ ቢከብድዎ እንግሊዝኛ የሚችል ዘመድ ያስነብቡ እንጂ የደላላ ቃል ይዘው ገንዘብ አያውጡ።

ሰፈር ውስጥ ያለ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ወረቀት መማርዎን ከማሳየት አልፎ ለቪዛ እንደማይበቃ ከመጀመሪያው ይወቁ። ለቪዛ የሚያገለግለው የታወቀ የፈተና ተቋም የሚሰጠው የምስክር ወረቀት ነው። «ሳይፈተኑ ምስክር ወረቀት እናወጣለን» የሚል ሰው ከገጠመዎም ይራቁት። ሐሰተኛ ወረቀት ቪዛውን ከማስከልከሉም በላይ፣ በኤምባሲው መስኮት የሚቀበልዎ ሠራተኛ ስምዎንና ሥራዎን በቀላል ጀርመንኛ ቢጠይቅዎ ዝም ብለው ከመቆም በቀር የሚያደርጉት አይኖርም።

2. ፈተናውን ከመማርዎ በፊት ይመልከቱት

ብዙ ሰው ፈተናው ምን እንደሚመስል የሚያየው ለመፈተን ሲቃረብ ነው። እኔ ግን በመጀመሪያው ሳምንት፣ ምንም ሳይገባዎት ቢሆን እንኳን፣ አንዱን የሙከራ ፈተና ከፍተው እንዲያዩት እመክራለሁ። ጎተ ኢንስቲትዩት የሙከራ ፈተናዎችን ከነድምፃቸው፣ እንዲሁም ወደ 650 የሚጠጉ ቃላት የያዘውን የኤ1 የቃላት ዝርዝር በድረ ገጹ ላይ በነጻ አስቀምጧል። መብራትና ኔትወርክ በማይቋረጥበት ቦታ ሆነው ሁሉንም ስልክዎ ላይ አውርደው ያስቀምጡ።

ፈተናው አራት ክፍል አለው፤ ማዳመጥ 20 ደቂቃ ያህል፣ ንባብ 25፣ ጽሕፈት 20፣ ንግግር ደግሞ እስከ አራት ሰው በቡድን ሆኖ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ከ100 ነጥብ 60 ያመጣ ያልፋል። በንግግር ጎበዝ የሆነ ሰው በጽሕፈት የሚጎድለውን በከፊል ሊያካክስ ይችላል ማለት ነው፤ ነገር ግን ንግግሩ ከአራቱ አንዱ ብቻ ስለሆነ ሌሎቹን ሦስቱን ጥሎ በእርሱ ብቻ ማለፍ አይቻልም።

የሚያስፈልገውን ጊዜ በተመለከተ፣ ተቋሙ ራሱ ከዜሮ ተነሥቶ ኤ1 ለመድረስ ከ80 እስከ 200 የሚሆኑ ባለ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜዎች ያስፈልጋሉ ብሎ ይገምታል። በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ሁለት ክፍለ ጊዜ የሚያጠና ሰው ከ8 እስከ 20 ሳምንት ይፈጅበታል። በላቲን ፊደል ማንበብ የሚከብደው ሰው ወደ 20 ሳምንቱ፣ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ በደንብ የተማረ ሰው ወደ 8 ሳምንቱ ይጠጋል። አንዱን ክፍለ ጊዜ ፀሐይ ሳይከር ከጠዋቱ ያድርጉት፤ ለጽሕፈትና ለአዲስ ትምህርት የሚሆነው ያ ሰዓት ነው። ሁለተኛውን ሱቆች በሚዘጉበት የቀትር ዕረፍት፣ በጥላ ሥር አረፍ ብለው በማዳመጥ ያሳልፉት።

3. ድምፁንና ፊደሉን በትክክል ይያዙ

የጀርመንኛ ፊደል አብዛኛው በእንግሊዝኛ የምናውቀው ነው፤ አጠራሩ ግን ይለያል፤ ሰው የሚሳሳተውም ይህን ልዩነት ሲንቅ ነው። በእንግሊዝኛ «ኤ» ብለን የተማርነውን የመጀመሪያውን ፊደል ጀርመኖች «አ» ይሉታል፤ በእንግሊዝኛ «ኢ» የምንለውን እነርሱ «ኤ»፣ «አይ» የምንለውን ደግሞ «ኢ» ይሉታል። «ደብልዩ» ለእነርሱ «ቬ» ነው፤ «ቪ» ደግሞ «ፋው»፤ «ጄ» «ዮት»፤ «ዋይ» «ኢፕሲሎን»፤ «ዜድ» «ጼት» ይባላሉ። በንግግሩ ፈተና ስምዎን ወይም የመንገድዎን ስም ፊደል በፊደል እንዲቆጥሩ ይጠየቃሉና፣ በፓስፖርትዎ ላይ እንደተጻፈው አድርገው ስምዎን፣ የአባትዎንና የአያትዎን ስም፣ እንዲሁም «ድሬዳዋ»ን በየቀኑ ጮክ ብለው ይቁጠሩ። በእንግሊዝኛው ልማድ «ኢ» ብለው የጠሩትን ፊደል ፈታኙ ሌላ ፊደል አድርጎ እንደሚሰማው አይርሱ።

በአማርኛ የሌሉ ሁለት አናባቢዎች አሉ። አንደኛውን (ü) ለማውጣት «ኢ» እያሉ ምላስዎን ሳያነቃንቁ ከንፈርዎን «ኡ» እንደሚሉ ሰው ያሞጥሙጡ፤ ሁለተኛውን (ö) ለማውጣት «ኤ» እያሉ ከንፈርዎን እንደ «ኦ» ያክብቡ። በመስታወት ፊት ከተለማመዱት በጥቂት ቀን ይገባል። ከ«አ»፣ ከ«ኦ»ና ከ«ኡ» በኋላ የሚመጣው የጉሮሮ ድምፅ (ch) «ኻሊድ» በሚለው ስም መጀመሪያ ላይ ያለው ዓይነት ስለሆነ ለድሬዳዋ ሰው አዲስ አይሆንም። ስለ «ር» ብዙ አይጨነቁ፤ ጀርመኖች አብዛኞቹ በጉሮሮ ቢሉትም በምላስ የሚሉትም በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል አሉና ይረዱዎታል። ይልቁንስ በቃል መጀመሪያ «ስት» ወይም «ስፕ» ሲጻፍ «ሽት»ና «ሽፕ» ተብሎ እንደሚነበብ ያስተውሉ፤ ስፖርትን «እስፖርት» የማለት ልማዳችንን ትተው፣ «እ» ሳይጨምሩ በቀጥታ «ሽፖርት» ብለው ይጀምሩ።

አማርኛ ተነባቢን ያጠብቃል እንጂ አናባቢን በማስረዘምና በማሳጠር ትርጉም አይለይም፤ ጀርመንኛ ግን ይለያል። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ወይም ዓረብኛ የሚችሉ ሁሉ ይህን ልዩነት በአፋቸው ይዘውታልና፣ ረጅሙን አናባቢ ሲያነቡ በእነዚያ ቋንቋዎች እንደሚናገሩ አድርገው ይሳቡት።

4. ቁጥር፣ ሰዓትና ቀን፦ ብዙ ነጥብ የሚጠፋበት ቦታ

በኤ1 ፈተና ዋጋ፣ የስልክ ቁጥር፣ የባቡር ሰዓት፣ የቀጠሮ ቀንና የልደት ቀን ደጋግመው ይመጣሉ። በዚህ ክፍል ላይ ሁለት ሙሉ ሳምንት ቢያጠፉ አይቆጭዎ።

ጀርመኖች ከ21 እስከ 99 ያሉትን፣ ሙሉ አሥሮቹን ሳይጨምር፣ አንዶቹን አስቀድመው አሥሮቹን አስከትለው ይጠራሉ፤ ሃያ አንድን «አንድና ሃያ» እንደማለት ነው። በአማርኛና በኦሮምኛ ለሚቆጥር ሰው ይህ ግልብጥ ነው። በዓረብኛ «ዋሒድ ወዒሽሪን»፣ በሶማልኛ «ኮው ኢዮ ለባተን» ብሎ መቁጠር የለመደ ሰው ግን ሥርዓቱ በአእምሮው አለ፤ ስለዚህ ከእነዚህ አንዱን የሚያውቁ ከሆነ ጀርመንኛውን ከአማርኛ አይተርጉሙት፣ በቀጥታ ከዓረብኛው ወይም ከሶማልኛው ጋር ያያይዙት። በወረቀት ላይ የሚደረገው ስሕተት ይህ ነው፦ ድምፁ «ሰባት» ሲል ሰሚው ወዲያው 7 ይጽፋል፣ ቀጥሎ «ሰማንያ» ሲመጣ 8 ያስከትላል፤ መልሱ 87 መሆን ሲገባው 78 ይሆናል። መድኃኒቱ ቁጥሩ ተነግሮ እስኪያልቅ እጅን መያዝ ነው። ሌላ ሰው ከ21 እስከ 99 ያሉ ቁጥሮችን እየቀላቀለ እንዲያነብልዎ፣ እርስዎም የመጨረሻውን ድምፅ ሰምተው ብቻ እንዲጽፉ አድርገው ይለማመዱ። ሰዎች በስልክ ሲናገሩ «ጽቫይ» የሚለው ሁለት «ድራይ» ከሚለው ሦስት ጋር እንዳይምታታ «ጽቮ» እንደሚሉትም ይወቁ።

ሰዓቱ ሁለት እርምጃ ይጠይቃል። አንደኛው እርምጃ የታወቀው የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። ሁለተኛው እርምጃ ተኩል የሚነገርበት መንገድ ሲሆን ጀርመን «ሀልፕ አኽት» ሲል ስምንት ሰዓት ተኩል ማለቱ ሳይሆን ወደ ስምንት የሚወስደው ሰዓት ተጋምሷል ማለቱ ነው፤ በእነርሱ አቆጣጠር 7፡30፣ በእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል። በአማርኛ የለመደ ጆሮ ስምንትን ሰምቶ 8፡30 ላይ ምልክት ያደርጋል። በባቡር ጣቢያና በአውሮፕላን ማረፊያ ማስታወቂያ ደግሞ ሰዓቱ እስከ 24 ስለሚቆጠር 19፡30 የምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ነው። የስልክዎን ሰዓት ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር ይለውጡና በቀን ውስጥ ሰዓት ባዩ ቁጥር በጀርመንኛ ይጥሩት፤ ቡና ስንት ሰዓት እንደተፈላ፣ ልጆች ስንት ሰዓት ከትምህርት ቤት እንደተመለሱ በሁለቱም አጠራር ይናገሩ።

ቀን የሚጻፈው ቀኑ ቀድሞ፣ ወሩ ተከትሎ፣ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ሆኖ በመካከላቸው ነጥብ እየገባ ነው። የልደት ቀንዎን በአውሮፓ አቆጣጠር ከፓስፖርትዎ ላይ አይተው በቃልዎ ይያዙት፤ በፈተና አዳራሽ ውስጥ ከእኛ አቆጣጠር ለመለወጥ መሞከር ጊዜ ይበላል፣ ለስሕተትም ያጋልጣል።

5. ቃላቱን ከቤትዎ ሥራ ጋር ያያይዙ

የቃላት ዝርዝሩ በፊደል ተራ ስለተቀመጠ በዚያው ተራ መሸምደድ ትርፍ የለውም። በምግብ፣ በቤት፣ በቤተሰብ፣ በጤና፣ በጉዞ፣ በሥራና በትምህርት ከፋፍለው እንደገና በእጅዎ ይጻፉት። እያንዳንዱን ስም ከፊቱ ከሚመጣውና ጾታውን ከሚያሳየው «ደር»፣ «ዲ» ወይም «ዳስ» ጋር አንድ ቃል አድርገው ይያዙ፤ ስሙን ለብቻው የሸመደደ ሰው በኋላ ጾታውን ፈልጎ ማግኘት ይከብደዋል። ለሦስቱ ጾታዎች ሦስት ቀለም ያለው እስክሪብቶ መጠቀም ዓይንን ያግዛል። በቀን ከአሥር እስከ አሥራ አምስት አዲስ ቃል ይበቃል።

6. ዐረፍተ ነገሩን የግሡን ቦታ አውቀው ይሥሩ

በአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። በጀርመንኛ ቀላል የመግለጫ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ደግሞ ግሡ ሁለተኛው ቦታ ላይ ይገኛል፤ «ዛሬ» ብለው ከጀመሩ ግሡ ወዲያው ይከተላል፣ «እኔ» የሚለውም ከግሡ በኋላ ይመጣል፦ «ሆይተ ኮመ ኢሽ ኒሽት»፣ ዛሬ አልመጣም። ነገር ግን «መቻል»ን የመሰለ ረዳት ግሥ ሲገባ ዋናው ግሥ ወደ መጨረሻ ይሄዳል፦ «ኢሽ ካን ሆይተ ኒሽት ኮመን»፣ ዛሬ መምጣት አልችልም። ያለፈ ድርጊት ሲነገርም እንዲሁ ነው፦ «ኢሽ ሃበ ብሮት ገካውፍት»፣ ዳቦ ገዛሁ። እንግሊዝኛ የተማሩ ሰዎች ዋናውን ግሥ መሀል ላይ እየከተቱ እዚህ ይሰናከላሉ፤ አማርኛውን ያስታወሰ ሰው ግን ግሡ መጨረሻ ላይ መዋሉ አይገርመውም። በኤ1 ደረጃ ከእነዚህ ሁለት አቀማመጦች የሚበልጥ ሰዋስው ብዙም አያስፈልግም፤ አስተማሪዎ ከዚህ ርቆ ወደ ከባድ ሰዋስው ከሄደብዎ ወደ ንግግርና ወደ መስማት እንዲመልስዎ በትሕትና ይጠይቁት።

7. ፊት የሌለውን ድምፅ ይልመዱ

ገበያ ላይ የማናውቀውን ቃል የምንረዳው ከሰውየው ፊት፣ ከእጁና ከያዘው ዕቃ ነው። በፈተናው ግን ከድምፅ ማጫወቻ የሚወጣ ድምፅ ብቻ አለ። የመጀመሪያው ክፍል አጫጭር ንግግሮችን ሁለት ጊዜ ያሰማል፤ ሁለተኛው ክፍል፣ የጣቢያና የሱቅ ማስታወቂያዎች ያሉበት፣ የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሦስተኛው ክፍል የስልክ መልእክቶችን ሁለት ጊዜ ያሰማል። ስለዚህ ድምፁ ከመጀመሩ በፊት ጥያቄውን አንብበው የሚጠበቀው ቁጥር፣ ቦታ ወይም ቀን መሆኑን ይለዩና ጆሮዎን ለእርሱ ብቻ ያዘጋጁ። አንድ ጥያቄ ካመለጠዎ ይተዉት፤ እርሱን ሲያስቡ የሚቀጥለውም ያመልጣል።

በአማርኛ ሥርጭቱ የምናውቀው ዶይቸ ቬለ በድረ ገጹ ላይ ከኤ1 የሚጀምሩ የጀርመንኛ ትምህርቶችን ከነድምፅና ከነምስል በነጻ ያቀርባል። መጀመሪያ ምስሉን አይተው፣ በሁለተኛው ቀን ስልኩን ደፍተው ድምፁን ብቻ ይስሙ፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ተናጋሪውን ከኋላ ከኋላ እየተከተሉ አብረው ይናገሩ። እንጀራ እየጋገሩ ወይም ልብስ እያጠቡ መስማት ይቻላል፤ ሆኖም በቀን ቢያንስ ሩብ ሰዓት ሌላ ሥራ ሳይሠሩ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው መስማት አለብዎ።

ጀርመን ያለው ባለቤትዎ እዚህ ላይ ትልቅ እገዛ ማድረግ ይችላል። በየቀኑ ሲደዋወሉ የመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች በጀርመንኛ ብቻ፣ ያለ ቪዲዮ፣ እንዲሆኑ ይስማሙ። ርኅራኄ ይዞት ወደ አማርኛ እንዳይመለስ አስቀድመው ቃል ያስገቡት። ካሁን በፊት ያልተነገረዎትን ዋጋ፣ አድራሻና የባቡር ሰዓት ይንገርዎ፤ እርስዎ ጽፈው ፎቶውን ይላኩለት፣ እርሱም ያርም።

8. ቅጽ መሙላትና አጭር መልእክት መጻፍ

የጽሕፈቱ ክፍል ሁለት ሥራ አለው። በመጀመሪያው ስለ አንድ ሰው አጭር ታሪክ ይሰጥና በቅጹ ላይ የጎደሉትን አምስት መረጃዎች ከታሪኩ አውጥቶ መሙላት ይጠየቃል። ቅጹ ስለዚያ ሰው ነው እንጂ ስለ እርስዎ አይደለም፤ ብዙ ሰው ቅጽ ሲያይ በልማድ የራሱን ስምና የራሱን የልደት ቀን ይጽፋል። ከፈተናው ውጭ ግን የራስዎን ቅጽ በተደጋጋሚ ይሞላሉና፣ እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን በፓስፖርትዎ ላይ ከስሞችዎ የትኛው በቤተሰብ ስም ቦታ እንደገባ አይተው ሁልጊዜ በዚያው መልክ ይጻፉ። አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም በቤተሰብ ስምነት ከገባ ማኅደሩ ሁለት ሰው ይሆንና ጉዳይዎ ይጓተታል።

ሁለተኛው ሥራ 30 ቃል ያህል የሚሆን መልእክት ነው። ሦስት ነጥብ ይሰጥዎታል። ለምሳሌ ታመው ወደ ትምህርት መሄድ ስላልቻሉ ለአስተማሪዎ ይጻፉ ተባሉ እንበል፤ ነጥቦቹም ለምን እንዳልመጡ፣ መቼ እንደሚመለሱና የቤት ሥራው ምን እንደሆነ ናቸው። ሰላምታ ይጽፋሉ፤ ከሰላምታው በኋላ ነጠላ ሰረዝ ያደርጉና በሚቀጥለው መስመር በትንሽ ፊደል ይጀምራሉ። ከዚያም ለእያንዳንዱ ነጥብ አንድ ወይም ሁለት አጭር ዐረፍተ ነገር ይጽፋሉ፤ በመጨረሻ «ሚት ፍሮይንትሊሸን ግሩሰን»፣ ማለትም ከወዳጅነት ሰላምታ ጋር፣ ብለው ስምዎን ያስቀምጣሉ። አንዱን ነጥብ በጣም አሳምሮ ሁለቱን ከመርሳት ሦስቱንም በቀላሉ መመለስ ይሻላል። የጀርመንኛ ስሞች ሁሉ፣ ዳቦም ሆነ ትምህርት ቤት፣ በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ፤ የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው እጃችን ይህን አልለመደም፤ ስለዚህ ጽፈው ሲጨርሱ ስሞቹን ብቻ እያዩ አንድ ጊዜ ይከልሱ። ጀርመኖች 1 ቁጥርን ከላይ ወደ ግራ በሚወርድ ሰረዝ፣ 7ን ደግሞ ወገቡ ላይ በሚያልፍ ሰረዝ ስለሚጽፉ፣ የእርስዎ ጽሕፈትም በዚያ መልክ ቢሆን አይምታታም።

በየሳምንቱ ሁለት መልእክት በእጅዎ፣ በሰዓት ተለክቶ፣ ያለ ስልክ እርዳታ ይጻፉ። ስልክ ላይ መተየብ ፊደል ራሱ እያስተካከለ ስለሚያታልል የእጅ ጽሕፈትን አይተካም።

9. ንግግሩን በቡድን ይለማመዱ

የንግግሩ ፈተና በቡድን ስለሚሰጥ ልምምዱም በቡድን ቢሆን ይመረጣል። ሳቢያን፣ ከዚራ ወይም ገንደ ቆሬ ውስጥ ለዚሁ ፈተና የሚዘጋጅ ሌላ ሰው ማግኘት አይከብድም፤ ሦስት ወይም አራት ሆነው በሳምንት ሁለት ጊዜ በአንዳችሁ ቤት ተሰብሰቡ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ራሱን ያስተዋውቅ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ አገር፣ መኖሪያ ቦታ፣ የሚችላቸው ቋንቋዎች፣ ሥራ፣ በትርፍ ጊዜ የሚወደው ነገር። ከዚያ ካርቶን ቆራርጣችሁ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ቃል ጻፉ፤ ተራው የደረሰው ካርዱን አንሥቶ በቃሉ ጥያቄ ይጠይቅ፣ ከጎኑ ያለው ይመልስ። በሌሎች ካርዶች ላይ ብርጭቆ፣ መስኮት፣ እስክሪብቶ፣ ቁልፍ ሳሉባቸው፤ ካርዱን ያነሣ ሰው «ቢተ» ብሎ በትሕትና ይለምን፣ ሌላው እሺታውን ወይም እምቢታውን ይግለጽ። ፈተናው የሚሠራው በዚሁ መልክ ነው።

በቡድኑ ውስጥ አንድ ሕግ ይኑር፤ ቃል የጠፋበት ሰው ወደ እንግሊዝኛም ወደ አማርኛም አይሻገር። በአንድ ዐረፍተ ነገር ሦስት ቋንቋ መቀላቀል በከተማችን የዕለት ተዕለት አነጋገር ነው፤ ፈታኙ ግን ከጀርመንኛው በቀር አይቆጥርልዎትም። ማንኪያ የሚለው ቃል የጠፋበት ሰው «ይህ ለሾርባ ነው» ብሎ በሚያውቀው ቃል ዙሪያውን ይሂድ። ያልሰሙትንም «ኖኽ አይንማል ቢተ» ብለው እንደገና እንዲነገርዎ መጠየቅ የተፈቀደ ነው፤ አንገት ደፍቶ ዝም ማለት ግን ነጥብ ያስቀራል።

የራስዎን ድምፅ በስልክ ቀድተው መስማትም ይጠቅማል። መጀመሪያ ያፍራሉ፤ ቢሆንም የትኛው ቃል ላይ እንደሚቆሙና የትኛውን ድምፅ እንደሚስቱ ከራስዎ ጆሮ የተሻለ የሚነግርዎ የለም።

10. ምዝገባና ጉዞ

የሙከራ ፈተናውን በቤትዎ ሰዓት ለክተው፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ከ75 በላይ ሲያመጡ ይመዝገቡ። በአዳራሹ ድንጋጤ ጥቂት ነጥብ መቀነሱ ስለማይቀር 60 አካባቢ ሆኖ መሄድ ለአደጋ ያጋልጣል። ቦታ ቶሎ ስለሚሞላ የምዝገባውን ቀን ከተቋሙ ድረ ገጽ ይከታተሉ፤ ሲመዘገቡ ስምዎ ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል መመሳሰሉን ያረጋግጡ።

ከድሬዳዋ አዲስ አበባ በመኪና ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በባቡር የሚሄዱ ከሆነ ጣቢያው በሁለቱም ከተሞች ከመሀል ከተማው ወጣ ያለ በመሆኑ የታክሲውን ጊዜና ወጪ አብረው ያስቡ። በምንም ቢሄዱ ሌሊቱን ተጉዘው ጠዋት በቀጥታ ወደ አዳራሽ አይግቡ፤ ቢያንስ በዋዜማው ደርሰው ዘመድ ቤት ይደሩ፣ የፈተናውንም ቦታ በዋዜማው ሄደው ይዩት። የአዲስ አበባ ጠዋት ለድሬዳዋ ሰው ብርድ ስለሆነ ሹራብ ይያዙ። ዋናውን ፓስፖርትዎን አይርሱ።

11. ካለፉ በኋላ እስከ በረራው

ምስክር ወረቀቱ ከመጣ በኋላ የቪዛ ቀጠሮና ውሳኔ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ በእነዚያ ወራት ቋንቋውን የተወ ሰው የሚደርሰው ባዶ ሆኖ ነው። ቡድናችሁን አትበትኑ፤ ከፈተናው ርእሶች ወጥታችሁ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ማስያዝን፣ ቤት ስለመከራየት መነጋገርን፣ ልጅን ትምህርት ቤት ማስመዝገብን ተለማመዱ። ጀርመን ከገቡ በኋላ የሚሰጠው የውህደት ትምህርት በመደበኛው 600 የቋንቋ ክፍለ ጊዜና 100 ስለ አገሩ ሕግ፣ ታሪክና ኑሮ የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ አለው፤ ግቡም ቢ1 ነው። ባለቤትዎ በሚኖርበት ከተማ የት እንደሚሰጥ አሁኑኑ ይጠይቅልዎ። አዲስ ነዋሪ ቤት በገባ በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ አድራሻውን እንዲያስመዘግብ ሕጉ ያዝዛል፤ ባለቤትዎ የዚያን ቅጽ ባዶውን ፎቶ አንሥቶ ይላክልዎና ድሬዳዋ ሳሉ በእጅዎ ደጋግመው ይሙሉት።